የቀትር ጋኔንና ቢጫው ጀሪካን

ስሜን ላይ ገደል የሚፈራ የለም። ሳንቃ በር አካባቢ የስምንት ዓመት እረኛ ፍየሉ ከአፋፉ ወረድ ካለችበት እሱም ተከትሏት ይወርዳል፤ ንስሩ ከእግሩ በታች ይበራል፣ እሱ ቆሎውን ይቆረጥማል። እናቱ ከማዶ ብታየው «ፍየሏን እንዳታስበላኝ!» ብላ ትጣራ ይሆናል እንጂ ስለ ልጇ ነፍስ ይህን ያህል አትጨነቅም። ይኸው ልጅ ከቁርጭምጭሚቱ በማያልፍ ወንዝ እግሩን ሲነክር የታየ እንደሆነ ግን ቀዬው ይቀወጣል። «ኧረ ልጁ! ኧረ ውሃ ገባ! ኧረ ያዙልኝ!» በገደሉ ላይ ያልተሰማ ጩኸት በአንድ ስንዝር ውሃ ላይ ይሰማል።

አንድ የማውቃቸው ሽማግሌ ምክንያቱን ሲያስረዱኝ «ገደል ካለበት አይነቃነቅም፤ አንተ ካልሄድክበት አይመጣብህም። ውሃ ግን ራሱ መጥቶ ነው የሚወስድህ» አሉኝ። ነገሩን ደጋግሜ አሰብኩበት። እስካሁን የምነቅፈው አላገኘሁበትም።

ሳንቃ በር በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ካምፕ ነው። ይህን ያህል ከባሕር ርቆ የሚኖር ሰው ስለ ዋና ምን አገባው ቢባል አያስቀይምም። ደባርቅ ላይ ለብዙዎቻችን ገላ መታጠቢያ ማለት ባልዲና ጣሳ ነው፤ ባልዲ ውስጥ ደግሞ አይዋኝም። ሆኖም ውሃው የሚነሣው ከእኛው ነው። ከሳንቃ በር ወደ ግጭ ሲኬድ የሚሻገሩት የጅንባር ወንዝ ወረድ ብሎ ከ500 ሜትር በላይ ወደ ገደሉ ይወረወራል። ከዚያ ወደ ተከዜ፤ ተከዜም ሱዳን ገብቶ አትባራ ተብሎ፣ ከዓባይ ተቀላቅሎ፣ ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራንያን ይደርሳል። ከመንደራችን ተነሥቶ ባሕር የገባ እሱ ብቻ ነው። እኛ ዳር ቆመን ሸኘነው።

በአገራችን ሰውን ከውሃ አደጋ የመጠበቅ ሥራ ለረጅም ዘመን የተያዘው በጋኔን ነበር። አያቴ፣ እምዬ ነበር የምንላት፣ ስለ ወንዝ አንድ ደንብ ብቻ ነበራት፦ «ቀትር ላይ ወንዝ አይወረድም፤ ይለክፋችኋል!» ማን እንደሚለክፈን አታብራራም፤ ስሙን ከጠሩት ይመጣላ። ከቋጥኙ ሥር ያለችው፣ ውሃዋ ጥቁር የሚመስለው ባሕር ቤቱ መሆኗን ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ካደግሁ በኋላ ነገሩን ስመረምረው እምዬ የቀጠረችው ጋኔን እንዲህ በቀላሉ የሚናቅ ዘበኛ ሆኖ አላገኘሁትም። ቀትር ማለት ለትልልቁ ሰው ምሳ የሚቀርብበት፣ ከብቱ ውሃ ጠጥቶ ተኝቶ የሚያመሰኳበት፣ እረኛው ሥራ ፈትቶ ፀሐይ የሚያንገበግበው ሰዓት ነው። ልጅ ልብሱን አውልቆ ውሃ የሚያማትረው ያኔ ነው፤ የሚያየው ዓይን የሚጠፋውም ያኔ ነው። ጋኔኑ እንግዲህ ሌላ ዘበኛ በሌለበት ሰዓት ተረኛ ሆነ። ደመወዝ አይጠይቅም፣ የዓመት ፈቃድ አይወጣም፣ በየወንዙ ቅርንጫፍ አለው።

ይባስ ብሎ ሳይንሱም ለእምዬ አድልቷል። ቢልሃርዚያን የምታመጣው ትል ቀንድ አውጣ ሆድ ውስጥ አድጋ ወደ ውሃው ትለቀቅና የዋናተኛውን ቆዳ ሰርስራ ትገባለች። በአገራችን አንጀት የምታጠቃዋ ዓይነት ከቀንድ አውጣዋ በብዛት የምትወጣው ከረፋዱ እስከ ቀትር፣ ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት ነው። ጣና ዳር የቀትር ጋኔን አለ ቢባል ሐኪም አይከራከርም፤ መድኃኒት ያዝለታል እንጂ። ስሜን አናት ላይ ብርዱ ቀንድ አውጣዋን አያኖራትም። ስለዚህ የደጋ ልጅ ይህችን ጋኔን ሳያውቅ ያድግና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ በጠራራው፣ ጣና ውስጥ ዘው ይላል። የቀንድ አውጣዋ ጠላት የተገኘው ደግሞ ከልብስ ማጠቢያችን ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፤ ምርምሩ በ1989 እ.ኤ.አ. «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት አስገኘለት። እምዬም ልብሷን በእንዶድ ነበር የምታጥበው። ጋኔኑንም መድኃኒቱንም በአንድ ወንዝ ዳር አውላቸው ኖሯል።

ጋኔኑ ግን እንከን አያጣም። ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው አያምንበትም። እስከዚያ ድረስ ያስተማርነው ፍርሃት ብቻ ስለሆነ፣ ፍርሃቱ የወጣ ዕለት ልጁ ባዶ እጁን ወንዝ ይወርዳል። ከዚህ የሚከፋው ግን ጋኔኑ የሁላችንንም ጥፋት መሸከሙ ነው። ሰው የሰጠመ እንደሆነ «ባሕሩ ግብሩን ወሰደ» ይባላል። ጋኔን ፍርድ ቤት ተከስሶ አያውቅም፣ ምስክርም አይቆጠርበትም። ልጁ ከማን ጋር ነበር፣ ማን ያየው ነበር፣ በአጠገቡ ገመድ ለምን ጠፋ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ድንኳን ተክለን፣ ንፍሮ ዘግነን፣ «መቼስ ምን ይደረጋል» ተባብለን እንበተናለን።

ይኸው ውሃ ፈሪ ሕዝብ ደግሞ በዓመት ጥቂት ቀን ፍርሃቱን እርግፍ አድርጎ ይተዋል። ጳጉሜ 3፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ዝናብ ጠብ ካለ ልጆች ራቁታቸውን ወጥተው ያሳድጋቸው ዘንድ መልአኩን እየለመኑ ይዘላሉ። ይህ ምንም አይደለም፤ ደስ የሚል ነገር ነው። ትልልቁ ሰው ግን በጳጉሜ ወንዝ ወርዶ ይጠመቃል፣ ጳጉሜ ደግሞ የክረምቱ ውሃ ገና ያልጎደለበት ጊዜ ነው። ጸበል ነውና ጥልቀቱን በዱላ የሚለካ የለም። መልአኩ በዚያች ዕለት ስንት ተደራቢ ሥራ እንደምናሸክመው ባሰብኩ ቁጥር አዝንለታለሁ።

ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ስንል ደግሞ ጎንደር አለች። ከ1632 እስከ 1667 እ.ኤ.አ. በነገሡት በአጼ ፋሲል ስም የሚጠራው መዋኛ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውሃ ይሞላለታል። የኢትዮጵያን ጥምቀት ዩኔስኮ በ2019 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል፤ እኛ ደግሞ ከዚያ በፊት በልባችን መዝግበነዋል። ካህናቱ ውሃውን ባርከው ሲጨርሱ ጎረምሳው ከግንቡ ላይ ይወረወራል። አሁን ልብ በሉ፤ ገንዳው አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው። ልምምድ የለም፣ ፈተናው ብቻ አለ። ከሚዘሉት አንዳንዶቹ ዋና ስለቻሉ አይደለም የሚዘሉት፤ ከኋላ ያለው ስለገፋቸው ነው። የሚያርፉትም ውሃው ላይ ሳይሆን ቀድሞ የዘለለው ጓደኛቸው ራስ ላይ ሊሆን ይችላል። በእልልታው መሐል፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ አንዱ ዝም ብሎ ቢሰጥም የሚያየው ማነው?

ዝም ብሎ ያልኩት አውቄ ነው። ፊልም ላይ የሚሰጥም ሰው ይጮሃል፣ እጁን ያውለበልባል፣ ውሃውን ያንቦጫርቃል። እውነተኛው ሰጣሚ እንዲህ አያደርግም። አፉ ከውሃ በላይ ብቅ የሚለው ለአፍታ ነው፤ ለትንፋሽ ያልበቃ አየር ለጩኸት አይተርፍም። እጁን እንዳያውለበልብ እጆቹ ግራና ቀኝ ተዘርግተው ውሃውን ወደ ታች በመጫን ተጠምደዋል። ራሱ ወደ ኋላ ዘንበል ይላል፣ አፉ ይከፈታል፣ መሰላል እንደሚወጣ ሰው ባለበት ይፍጨረጨራል። ይህ ሁሉ የሚፈጀው ከ20 እስከ 60 ሰኮንድ ነው። ዳር የተቀመጠው ጓደኛው «እየው፣ ሲያሾፍ!» ብሎ ይስቃል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት አባቶች ይህን ቆመው ያዩ ይመስለኛል፤ ያልገለጹት የሚስቀው የትኛው እንደሆነ ብቻ ነው። እንግዲህ ልጆች ውሃ ውስጥ ሲንጫጩ የሚረብሸው ወላጅ ይረበሽ፤ የሚጮህ ልጅ ትንፋሽ አለው። ተነሥቶ መሄድ ዝም ያለው ዘንድ ነው።

ስለ ሳቅ ሳነሣ የዋናተኛው የሮቤል ኪሮስ ታሪክ ይመጣብኛል። በ2016 እ.ኤ.አ. ሪዮ ኦሎምፒክ 100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ዋኝቶ 1 ደቂቃ ከ4 ሰኮንድ ከ95 ፈጀ፤ ከ59 ዋናተኞች 59ኛ ሆነ። ዓለም ሳቀ፣ አገር ሳቀ፣ በሰውነቱ ቅርጽ ሳይቀር ተቀለደ። ሻይ ቤቶቻችንም አላረፉም። ወርቁን የወሰደው አውስትራሊያዊ 47 ሰኮንድ ከ58 ገብቶ ነበርና ልዩነቱ ያስቅ ይሆናል። እኔን ያሳቀኝ ግን የሳቂዎቹ ነገር ነው። በሯጮቹ ሜዳልያ የጠገበ ሕዝብ፣ አሥር ሜትር ውሃ ላይ ቢጣል ተመልሶ የማይወጣ ሕዝብ፣ መቶ ሜትር ዋኝቶ በገዛ እጁ ዳር ይዞ የወጣን ሰው «ዘገየ» ብሎ ሳቀበት። የክረምት ወንዞቻችን ወርድ ብዙውን ጊዜ ከዚያ መቶ ሜትር አይሰፋም። ወንዝ ሰዓት አይዝም፤ ከወዲያኛው ዳር መድረስህን ብቻ ነው የሚያየው። እኔ ብሆን ሮቤልን ደባርቅ ጠርቼ ለልጆቹ በጀርባ ተንጋሎ መንሳፈፍን፣ ዞሮ ወደ ዳር መመለስን እንዲያሳይልኝ ነበር የምለምነው። ለመዳን የሚበቃው ትምህርት ይኸው ነው፤ የቀረው ለሜዳልያ ነው።

እስከዚያው ግን ዋና የማይችል ሰው ሌላውን ማዳን አይችልም ማለት አይደለም። እንዲያውም ትልቁ አደጋ የሚመጣው ደፋሩ ተከትሎ ሲገባ ነው። የሚሰጥም ሰው ያገኘውን ይጨብጣል፣ ይወጣበታል፣ ወደ ታች ይጫነዋል፤ ወንድሙ ይሁን ጠላቱ አይለይም። ከዚያ ለቅሶው ሁለት ይሆናል። ለዚህ መፍትሔው ትከሻችን ላይ ነው ያለው። ዱላ የማይዝ የስሜን ወንድ የት አለ? በሆድህ ተኝተህ፣ እግርህን ሌላ ሰው ይዞልህ፣ ዱላህን ትዘረጋለህ። አልደረሰም? ጋቢህን ጠምዝዘህ ጫፉን ትወረውራለህ። ጋቢን ለብርድ፣ ለፀሐይ፣ ለአልጋ ልብስ፣ ለቅሶ ላይ ለመከናነቢያ ስንጠቀምበት የኖርን ሰዎች ለዚህ መጠቀም ሊያሳፍረን አይገባም። ይቆሽሻል ብሎ የሚያመነታ ካለ ሚስቱ እንዳትሰማ ብቻ ይጠንቀቅ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቢጫው ጀሪካን ነው። የሕይወት አድን ጃኬት የለንም እያልን እናዝናለን፤ በየቤታችን ደጃፍ ግን ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ተደርድሮ ተራ ይጠብቃል። ሰው ውሃ ውስጥ ሲገባ ክብደቱ ጥቂት ኪሎ ብቻ ይሆናል። ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ጀሪካን ደግሞ ከ15 ኪሎ በላይ ያንሳፍፋል። ገመድ አስረህ ብትወረውርለት እቅፍ አድርጎ ይቆይልሃል፤ ጎትተህ ታወጣዋለህ። ችግሩ ከክዳኑ ላይ ነው። አገራችን ውስጥ ክዳን ያለው ጀሪካን ማግኘት ዕድል ነው። ክዳኑ በተገዛ በሳምንቱ ይጠፋና አፉ በፌስታል፣ በቆሮቆንዳ፣ እኛ አገር ደግሞ በድንች ይወተፋል። ድንቹ ውሃ ለመቅዳት ይበቃ ይሆናል። ነፍስ ለማትረፍ ግን አላምነውም።

ሰውዬው ከወጣ በኋላ የሚመጣውን ግርግርም ታውቁታላችሁ። «ዘቅዝቁት! ውሃው ይውጣለት!» የሚል አይጠፋም፣ ሆዱን የሚጫንም አይጠፋም። ይህ ጊዜ ማባከን ነው፤ የጎደለው አየር ነው። በጀርባው አስተኝቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ አፍንጫውን ይዞ በአፉ ትንፋሽ መስጠት፤ ከዚያም ደረቱን መሐል ላይ በፍጥነትና በኃይል መጫን፣ ሠላሳ ጊዜ ተጭኖ ሁለት ጊዜ መተንፈስ፤ ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ እንዲሁ። ይህን ሁሉም ጎረምሳ ቢማረው ከካርታ ጨዋታ የሚከብድ አይደለም።

ወደ ሳንቃ በር ልመለስ። እዚህ በገዛ ፈቃዱ ወንዝ የሚገባ ፈረንጅ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ጅንባር መሻገሪያው ላይ አንዱ ልብሱን ጥሎ፣ ደረቱን ደቅቶ፣ ዘሎ ገባ። ስካውቱ፣ ማለትም የፓርኩ ታጣቂ አጃቢ፣ ስልሳ ዓመት የሚጠጋቸው አባት፣ ክላሻቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ትክ ብለው አዩት።

«አንተ ልጅ፣» አሉት አስጎብኚውን፣ «ምን ሆኖ ነው?»

«ሊዋኝ ነው አባባ።»

«ማን አዘዘው?»

«ማንም። ለደስታው ነው።»

«ወረድ ብሎ ፏፏቴ እንዳለስ ነግረኸዋል? ደስታው ገደሉ ጋ ነው የሚያልቀው።»

መንገር አላስፈለገም። ፈረንጁ በገባበት ፍጥነት ወጣ፤ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ፣ እያለከለከ፣ ቃል መናገር ተስኖት። ስካውቱ ጋቢያቸውን አለበሱት። የበቅሎ ነጂዎቹ አረቄ ሊያቀምሱት ሲሉ አስጎብኚው ከለከለ፤ አረቄ ሙቀት የሚሰጥ ይመስላል እንጂ የቀረውን ሙቀት ወደ ቆዳ አውጥቶ ያስበላል። ሻይ ተፈላለት። የበረደ ውሃ ድንገት ሲገቡበት ሰውነት ሳይጠየቅ አየር ይስባል፣ ትንፋሽም ለአንድ ሁለት ደቂቃ ልጓም ያጣል። ያኔ ራስህ ከውሃ በታች ከሆነ የምትስበው አየር አይደለም። ስለዚህ ብርዳም ውሃ ውስጥ አይዘለልም፤ እግር፣ ከዚያ ጉልበት፣ ከዚያ ፊትን ማራስ፣ በዝግታ። ዋና የሚያውቅ ሰውም ቢሆን ከዚህ ነፃ አይደለም። ስካውቱ ነገሩን ለባልደረቦቻቸው ሲያወሩ «ብርድ ከእሱ ጋር ሲመካከር አየሁ» አሉ አሉ።

የዋና ወሬ ይህን ያህል ይብቃው። እንደ እውነቱ ከሆነ ደገኛን ውሃ የሚወስደው ሲዋኝ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ 300,000 ያህል ሰው ሰጥሞ እንደሞተ ቆጥሯል፤ ከእነዚህ ሩብ የሚጠጉት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ሕፃን ኦሎምፒክ አይሄድም፤ ሳፋ ውስጥ በግንባሩ ይደፋል። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ በክልላችን በየጓሮው የውሃ ማቆሪያ ጉድጓድ ሲቆፈር ውስጡ ፕላስቲክ ይነጠፍ ነበር። ፕላስቲክ ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ ጥጃም ይግባበት ልጅ መውጫ የለውም። አጥርና፣ ቋጠሮ በቋጠሮ ሆኖ ወደ ውስጥ የሚንጠለጠል አንድ ገመድ ይበቃው ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መስጠምን የመከላከያ ቀን ብሎ የሠየመው በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 18 ላይ ይውላል። ኒው ዮርክ ያሉት ሰዎች አስበውበት አይመስለኝም እንጂ ማግስቱ ሐምሌ ገብርኤል ነው፤ መልአኩ እየሉጣንና ልጇን ቂርቆስን ከፈላ ውሃ ያዳነበት ዕለት። ከዚህ የተሻለ ዋዜማ ቢፈልጉም አያገኙም።

ሐምሌ ደግሞ ደራሽ ውሃ የሚወርድበት ወር ነው። አንተ ዘንድ ፀሐይ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ወንዙ ከጉልበት አይበልጥም። ላይ ግን፣ ከቧሂት ተራራ ጀርባ፣ ሰማዩ ተቀዷል። የሚያውቅ ሰው ምልክቱን ያነብባል፦ የጠራው ውሃ መደፍረስ ይጀምራል፣ ቅጠልና አረፋ ይዞ ይመጣል፣ ድምፁ ይወፍራል። ያኔ ልብስ አይለቀምም፣ ጫማ አይፈለግም፤ ወደ ከፍታው ነው። ገበያተኛ ግን አህያውን ጭኗል፣ ለቅሶ ደራሽ ቀብር ያመልጠዋል፣ ተማሪ ፈተና አለበት፤ ሁሉም «ገና ነው፣ እንሻገራለን» ይላል። እኛን የሚወስደን ይህ «ገና ነው» ነው።

አጎቴ እንዲህ ያለውን ወንዝ ዕድሜ ልኩን ተሻግሯል። ባለፈው ክረምት ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ እዚህ ደባርቅ የዋና ትምህርት ቢከፈት ይገቡ ነበር?»

«እኔ?» አለ። «ለዋናው የምታወጡትን ብር ለድልድዩ አድርጉት። ድልድይ ላይ የሰጠመ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«ድልድዩ እስኪሠራስ?»

«እስኪሠራማ በቅሎዋ አለች። እሷ ማንም ሳያስተምራት ትዋኛለች፤ እኔ ጭራዋን ነው የምይዝ።»

«በቅሎዋ እምቢ ያለች ቀንስ? አንድ ጀሪካን በገመድ አስሬ ላምጣልዎት?»

ትንሽ አሰበ።

«ክዳን ካገኘህለት አምጣው» አለኝ።